ውጪ ማን ይጠብቀዋል?

«ትርሲት፣ ድራይቭ እያደረግሽ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ በላይነሽ። ከጋርዴና ወጥቼ ፍሪዌይ ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ውጪና ፓርክ አድርጊ። ስታቆሚ ደውይልኝ።»

ሎስ አንጀለስ የምንኖር ሐበሾች ይህ ንግግር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አገር ቤት ቢሆን መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ መሪ ላይ ስለሚውል መጀመሪያ መኪናው እንዲቆም ይደረጋል። ከፍሪዌይ ወጥቼ አንድ ጎማ መሸጫ ደጃፍ ላይ እስካቆም ድረስ «ማን ይሆን?» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አላሰብኩም። ስደውል እትዬ በላይነሽ ነገር አላንዛዙም። «ዶክተር ይርጋ ዐረፉ» አሉኝ። ቶራንስ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ፣ በእንቅልፋቸው ነበር ያረፉት። እትዬ በላይነሽ አለቀሱ፣ እኔም መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ለቅሶው ላይ ብዙ ተባለ። አንዱ «የማኅበረሰባችን ኩራት» አለ፤ ሌላው «እጃቸው የተባረከ» አለ። እኔ ሰው ከሞተ በኋላ የሚወርደው ውዳሴ ያናድደኛል። ሰውየውን አጥቦ ተኩሶ ሌላ ሰው ያደርገዋል። እጃቸው የተባረከ መሆኑን እሳቸው ራሳቸው ያምኑ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። እኔ የማውቃቸው ዶክተር ይርጋ በዚያ እጃቸው ምክንያት ሊጠፉ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እንዴት እንዳልጠፉ ነው መናገር የምፈልገው።

የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። ከሳቸው ጋር የተዋወቅነው አዲስ ተቀጣሪ ሳለሁ ነው። ረጅምና ቀጭን፣ መነጽራቸው ዘወትር ወደ አፍንጫቸው ጫፍ የሚንሸራተት፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። እኛ ዘንድ ቢላ ከመነሣቱ በፊት ሁሉም ሥራውን አቁሞ ለአፍታ ጸጥ ይላል፤ የታማሚው ስም፣ የሚሠራለት ሥራ፣ የትኛው ጎን እንደሆነ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነገራል። ይህ የትም ያለ ደንብ ነው። ዶክተር ይርጋ ግን በደንቡ ላይ የራሳቸውን አንድ ጥያቄ ጨምረዋል።

«ውጪ ማን ይጠብቀዋል?»

በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቁት፣ ትርጉሙ ግን ይኸው ነው። አንዳችን መልስ መስጠት አለብን። «ሚስቱ» እንላለን፤ «ሁለት ሴት ልጆቿ» እንላለን። እኔ በመጀመሪያው ቀን «አላውቅም» ብዬ መለስኩ። ቢላውን አስቀመጡና መጠበቂያው ክፍል ደውዬ እስካጣራ ቆመው ጠበቁኝ። ደሜ ፈላ። የመጣነው ሐሞት ልናወጣ ነው፣ ቤተ ዘመድ ልንቆጥር አይደለም አልኩ በልቤ። ሥራው ካለቀ በኋላ ጠጋ ብለው በአማርኛ፣

«ትርሲት፣ ልጄ፣ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ግማሹ ሰው ነው። ግማሹ ውጪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የቀዘቀዘ ቡና ይጠጣል» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ቤት የሌለው፣ ከመንገድ ላይ በአምቡላንስ ያመጡት ሰው ነበር። «ማንም የለውም» አልኩ። «ኦኬ፣ እንግዲያው እኛ ነና» ብለው ጀመሩ፤ ሰውየው ሲነቃም አጠገቡ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ወደ መጠበቂያው ክፍል ሲሄዱ ቆባቸውን አውልቀው ሽበታቸውን በመዳፋቸው ያስተኛሉ፤ ወንበር ስበው ሳይቀመጡ ደግሞ ቃል አይተነፍሱም። ቆሞ የሚናገር ሐኪም ሊሄድ የቸኮለ ሐኪም ነው ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሊትል ኢትዮጵያ ወደሚባለው የሐበሾች ሰፈር ይመጣሉ። እዚያ ፌርፋክስ መንገድ ላይ እትዬ በላይነሽ ቅመማ ቅመም፣ ነጠላና የስልክ ካርድ የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው ጋሼ ደምሴ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ፓርኪንግ ይቆጣጠሩ ነበር። ጋሼ ደምሴ ወፈር ያሉ፣ ለማንም የማይመለሱ ቀልደኛ ነበሩ። የዶክተሩን አሮጌ ቶዮታ ባዩ ቁጥር «ዶክተር፣ ይቺን መቼ ነው ኦፕሬት የሚያደርጓት?» ይላሉ። «የማውቀውን ኦፕሬት አላደርግም» ይላሉ ዶክተር ይርጋ። ለጋሼ ደምሴ ጨዋታ ነበር፤ ለዶክተሩ ግን የምር ደንባቸው ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ወዳጅ ሲታመም ጎበዝ ሐኪም ይፈልጉለታል እንጂ እጃቸውን አያስገቡም።

ከዚያ ጋሼ ደምሴ ታመሙ። ታችኛው አንጀታቸው ላይ እጢ ተገኘ፤ ክፉው ዓይነት ነበር፣ ግን በጊዜ ተደርሶበታል። ቆርጦ ማውጣት ያስፈልጋል። ጋሼ ደምሴ «ዶክተር ይርጋ ካልሆነ ማንም አይነካኝም» አሉ። ዶክተር ይርጋ «አይሆንም» አሉ።

ቀጥሎ የሆነውን ለአሜሪካኖቹ የሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው አያምኑኝም። ጋሼ ደምሴ ሽማግሌ ላኩ። ልጃገረድ ለመጠየቅ እንደሚላከው፣ ሦስት ሽማግሌ ሐኪም ለመጠየቅ ተላከ። ሦስቱም መንዳት ካቆሙ ቆይተዋልና ሾፌሯ እኔ ሆንኩ። የቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋ ጋሼ ወርቁ ከራቫታቸውን አስረው ፊት ተቀመጡ፤ ከኋላ የነበሩት ሁለቱ በትራፊኩ መሐል እንቅልፍ ወስዷቸው ቶራንስ ስንደርስ ቀሰቀስኳቸው።

ዶክተር ይርጋ በነጠላ ጫማ በሩን ከፍተው ደነገጡ። አስገቧቸው። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ፊት ተደርድረው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ዶክተሩ።

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ደምሴ ልኮን ነው።»

«ጋሼ ወርቁ፣ እኔ እኮ የማውቀውን ሰው ስይዝ ሆዴ ይባባል። ሆዱ የባባ ሰው ቢላ መያዝ የለበትም።»

«የሚያውቀው ሐኪም ይሻለዋል ብለን ነው።»

«የማያውቃቸው ነው የሚሻላቸው። ከእኔ የሚበልጥ ባልደረባ አለኝ። እሱ ይሥራላቸው፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ።»

«ታዲያ አጠገቡ ከቆሙ እጅዎን ምን ያዘው?»

 ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ከሦስቱ መሐል የአንደኛው ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዶክተሩ ያን ጉልበት ሲያዩት እኔም አየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ስንመለስ ጋሼ ወርቁ እስከ ፌርፋክስ ድረስ በሽምግልናቸው ሲኩራሩ ነበር፤ እኔም ስስቅ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጋሼ ደምሴ እስኪደነዝዙ ድረስ ቀለዱ። ሁላችንም ቆምን። «ውጪ ማን ይጠብቃቸዋል?» አሉ ዶክተር ይርጋ፣ እያወቁት። «እትዬ በላይነሽ» አልኩ። ከወትሮው ትንሽ ዘግየት ብለው ጀመሩ። ሥራው ንጹሕ ነበር። የታመመው ተቆርጦ ሲወጣ ሁለቱ የአንጀት ጫፎች ይገጠማሉ። መገጣጠሚያው ያፈስ እንደሆነ ለማወቅ ሆድ ውስጥ ውሃ ይሞላና በአንጀቱ አየር ይነፋል፤ ጎሚስታ የጎማ ካላማዳሪ ነፍቶ ውሃ ውስጥ እንደሚነክረው ማለት ነው። አረፋ ከወጣ ቀዳዳ አለ። አረፋ አልነበረም። ዶክተር ይርጋ ጎንበስ ብለው አዩ፣ እኔም አየሁ። ውሃው ጭጭ ብሎ ነበር።

ጋሼ ደምሴ ጥቂት ቀን ደህና ሰነበቱ፤ ነርሶቹን ማስቸገርም ጀምረው ነበር። ከዚያ ትኩሳት መጣ፣ ሆዳቸው ተነፋ። መገጣጠሚያው ለቅቆ ነበር። ዶክተር ይርጋ እንደገና ከፍተው አጠቡ፣ አስተካከሉ፤ መርዙ ግን ደም ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ጋሼ ደምሴ በመተንፈሻ መሣሪያ ተኝተው ቆዩ። ዶክተሩ በዕረፍት ቀናቸው ሳይቀር ከቶራንስ እየመጡ አልጋው ባንድ ወገን ይቀመጣሉ፤ በሌላው ወገን እትዬ በላይነሽ አሉ። 

ጋሼ ደምሴ ያረፉ ቀን ዶክተር ይርጋ ቆባቸውን አውልቀው፣ ሽበታቸውን አስተኝተው፣ ለቤተሰብ መነጋገሪያ ወደ ተሠራችው ትንሽ ክፍል ገቡ። በሩ ሲከፈት እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። ዶክተሩን ዞረው አላዩአቸውም። ዶክተር ይርጋ ከወንበሩ እስኪነሡ ድረስ ብዙ ቆዩ።

የሆስፒታሉ ሐኪሞች እንደ ልማዳቸው ተሰብስበው ነገሩን መረመሩ። ጥፋት አላገኙም። በደንብ በተሠራ ሥራ ላይም የሚደርስ ኮምፕሊኬሽን ነው ተባለ። ዶክተር ይርጋን ከስብሰባው ሲወጡ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው።

«ኮምፕሊኬሽን ነው አሉኝ» አሉ። «እኔ ደምሴ ነው የምለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ሆነ። «ትርሲት፣ አረፋ ነበር?» «አልነበረም፣ ዶክተር።» «መብራቱ አንጸባርቆብኝ አላየሁት ይሆን?» «እኔም እኮ አይቻለሁ፤ አልነበረም።» «አንቺም ላታይው ትችያለሽ» ብለው ይሄዳሉ። ጥፋት ቢገኝባቸው ኖሮ የሚቀላቸው ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱን ይዘው ይቀጡበት ነበር። ምንም አለመገኘቱ ነው ያንገላታቸው።

የጋሼ ደምሴ ለቅሶ የነበረው ከፌርፋክስ ራቅ ብሎ ባለው የእትዬ በላይነሽ አፓርትመንት ነው። ሰው ሞልቶ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ተደርድሯል። ቀትር ላይ ውሃ ልገዛ ስወርድ ያቺን አሮጌ ቶዮታ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየኋት። ዶክተር ይርጋ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ጥቁር ከራቫት አስረው ውስጥ ተቀምጠዋል። መስኮቱን አንኳኳሁ።

«ይግቡ እንጂ፣ ዶክተር።»

«የሆስፒታሉ ሎየሮች ከቤተሰቡ ጋር እንዳትገናኝ ብለውኛል።»

«ለቅሶ እኮ ነው።»

«እነሱ ለቅሶ አያውቁም።» መሪውን ጨበጡ። «ውሸቴን ነው። ሎየሩን ምክንያት አደረግኩት። የገደለው ሰው ለቅሶ ላይ የት ነው የሚቀመጠው? አንቺ ታውቂያለሽ?»

«እርስዎ አልገደሉም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ሞተሩን አስነሥተው ሄዱ። ውሃውን ተሸክሜ ስመለስ እትዬ በላይነሽ ከተቀመጡበት ሆነው በሩን ያያሉ። እኔን ሳይሆን ከእኔ ኋላ የሚመጣ ሰው ካለ ነበር የሚያዩት፤ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ዶክተር ይርጋ ወደ ሥራ ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው መጡ። እጃቸው ያው ነው፣ ግን አያልቅላቸውም። የሰፉትን ይፈቱታል፣ መልሰው ይሰፉታል። የአየሩን ፍተሻ ደጋግመው፣ ደጋግመው ያስደርጋሉ፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም እስኪሰለች። የባሰው ደግሞ ጥያቄያቸውን ተዉ። ሁላችንም ቆመን ስንጠብቅ ዝም ብለው እጃቸውን ለቢላው ይዘረጋሉ። ውጪ ማን እንዳለ ማወቅ አልፈለጉም። መጠበቂያው ክፍልም ረዳታቸውን ይልካሉ። ፌርፋክስ መምጣት አቆሙ። ትንሽ ቆይቶ ዕረፍት ወሰዱ ተባለ፤ በኋላ ደግሞ ላይመለሱ ይችላሉ የሚል ወሬ መጣ።

ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር። በሳቸው ሳይሆን በሁላችንም ነው የተናደድኩት። ያ ሁሉ ሰው ኮሪደር ላይ ሲያገኛቸው ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ያልፋል። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚያጽናና ይመደባል፣ ቄስም ይጠራል። ያን ሆድ ከፍቶ የዘጋው ሰው ግን እጁን ታጥቦ ወደሚቀጥለው ታማሚ እንዲገባ ነው የሚጠበቀው።

አንድ ቀን እትዬ በላይነሽ ደወሉ። «ትርሲት፣ እሑድ መኪናሽ ባዶ ነው?» አሉኝ። እሑድ ፌርፋክስ ስደርስ ሦስቱ ሽማግሌዎች በዚያው ልብሳቸው ቆመው ይጠብቁኛል። ወዴት ነው ብዬ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ ጋሼ ወርቁ በዚህኛው ጉዞ አልተኩራሩም፣ ከኋላ ያሉትም አልተኙም። እትዬ በላይነሽ ሎየር ይዘው ዶክተሩን ሊከሱ ነው፣ ወይም የልባቸውን ሊናገሯቸው ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ ሰጋሁ።

ዶክተር ይርጋ ሲያዩን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ከስተዋል፣ ጺማቸውን አልተላጩም። ሽማግሌዎቹ እንደ ፊተኛው ሶፋው ፊት ቆሙ። ዶክተሩ ተቀመጡ አላሉም፤ እጃቸውን አጣምረው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«በላይነሽ ልካን ነው» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ቅሬታ አላት።»

«ይገባቸዋል። የሚሉትን ሁሉ እቀበላለሁ።»

«ለቅሶ አልደረሱኝም ብላለች።»

ዶክተር ይርጋ ቀና አሉ። «ምን አሉ?»

«አገር ሲመጣ ዶክተር ቀሩብኝ ብላለች። አርባው ሳይወጣ ይምጡ ብላለች። በቃ፣ መልእክቱ ይኸው ነው።»

«ምን ብዬ ነው የምገባው፣ ጋሼ ወርቁ?»

ጋሼ ወርቁ ግራ ገባቸው። ጥያቄው የምር መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«ምን ይባላል? እግዚአብሔር ያጽናሽ ነዋ የሚባለው።»

ዶክተር ይርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ሽማግሌዎቹ ገና መልስ አላገኙም፤ ግን ወግ ጥሰው ተቀመጡ፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ ጋሼ ወርቁ ፊት ለፊት። ማንም «ይብቃዎት» አላላቸውም። እስኪበቃቸው ጠበቅናቸው።

የዚያኑ ቀን በእኔው መኪና ይዘናቸው ሄድን። የአፓርትመንቱን ደረጃ ሲወጡ በየእርከኑ ይቆማሉ። እትዬ በላይነሽ በጥቁር ልብሳቸው ተቀምጠዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ ዶክተር ይርጋ።

«አሜን። ይቀመጡ።»

ሊቀመጡ አልቻሉም። «እትዬ በላይነሽ፣ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ያልፈለግሁበት ቦታ የለም። አጥፍቼም ከሆነ አላገኘሁትም፤ አላጠፋሁም ለማለትም አልደፍርም።»

እትዬ በላይነሽ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ፣

«ሐኪሙ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያላወቁትን እኔ ከየት አውቀዋለሁ?» አሉ። «ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽዎትም። ያን ሽማግሌ ባይልክ ኖሮ እላለሁ። ሌላ ሐኪም ቢሆን ኖሮ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ሳስብዎት እጠላዎታለሁ። ግን ያን ሁሉ ጊዜ አልጋው አጠገብ ከእኔ ጋር የተቀመጠ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዴት እንደ ታገለ ያየነው ሁለታችን ነን። ታዲያ እንዴት ብቻዬን ያስለቅሱኛል?»

«ይቅር ብለውኛል ማለት ነው?»

«ይቅር አላልኩም። ቁጭ ይበሉ ነው ያልኩት። ምሳ ቀርቧል።»

ተቀመጡ። ከፊታቸው የቀረበውንም በሉ፤ እየዋጡ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይውጣሉ። እትዬ በላይነሽ ሳህናቸው ጎደል ባለ ቁጥር ይጨምራሉ።

ዶክተር ይርጋ ወደ ሥራ ተመለሱ። የመጀመሪያዋ ታማሚ አንዲት ወጣት ነበረች። ሁላችንም ቆመን፣ ጸጥ አልን። «ውጪ ማን ይጠብቃታል?» አሉ ቀስ ብለው። «ባሏና እናቷ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ኦኬ» አሉ። ዳኑ ማለቴ ግን አይደለም። ከዓመታት በኋላም ሊፍት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ድንገት «አረፋ አልነበረም፣ አይደል?» ይሉኛል። «አልነበረም» እላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ መምጣት ጀመሩ፤ ሱቁ ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው እትዬ በላይነሽ ደንበኛ ሲያስተናግዱ ያያሉ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከዚያ ወዲያ በመሐላቸው ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ጨመሩ። ዴቪድ የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር፣ ጎበዝ፣ ትንሽ ጉረኛ። አንድ ቀን የሱም ታማሚ ተበላሸበት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄዶ አግዳሚው ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ዶክተር ይርጋ ሰምተው ገቡ፤ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ትከሻውን አልመቱትም። አጠገቡ ተቀመጡና፣

«አንተንስ ቤት ማን ይጠብቅሃል?» አሉት።

ልጁ አንገቱን ነቀነቀ፣ ማንም። «ኦኬ፣ ዛሬ ብቻህን አትነዳም» አሉና ወስደው ራት ጋበዙት። ከዚያ ወዲህ በሆስፒታላችን ሥራ የተበላሸበት ሐኪም ካለ ያቺ አሮጌ ቶዮታ እሱን ሳታደርስ ወደ ቶራንስ አትሄድም ነበር።

በኋላ የራሳቸው ሐሞት ታመመና መውጣት ነበረበት። ትንሽ ሥራ ነው፣ ግን ማደንዘዣ አለው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሆስፒታሉ ብቻውን ለመጣ ሰው አይለቅም፣ ኡበርም አይፈቅድም። ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን በሹክሹክታ፣ ሥራዬን ስጨርስ ድራይቭ አድርጌ ቤታቸው እንዳደርሳቸው ለመኑኝ። ከሚስታቸው ከተለያዩ ብዙ ዘመን ነው፤ ቦስተን ላለችው ልጃቸውም አልነገሯትም። «ለምን ላስጨንቃት?» አሉ። በሽታ መደበቅ ላይ እኛን ማን ይስተካከለናል? እትዬ በላይነሽ በርበሬ እየመዘኑ «ከሆስፒታል የምን ድራይቭ ነው?» ብለው ጠየቁ። «ምንም አይደል፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ሰኞ ጠዋት አልቃለች» አሉ ዶክተሩ። እትዬ በላይነሽ ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ይርጋ ያለ መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል፤ እጆቻቸው በግራና በቀኝ ታስረዋል። ሐኪሙ ዴቪድ ነው። ጥያቄውን ከሳቸው ወርሶታል፤ ማደንዘዣው ሳይሰጥ ሁላችንንም አስቆመና፣

«ውጪ ማን ይጠብቃቸዋል?» አለ።

«ማንም» አሉ ዶክተር ይርጋ ከተኙበት። «ቀጥል።»

እኔ ግን ያን ጠዋት የገባሁት በመጠበቂያው ክፍል በኩል ነበር።

«እትዬ በላይነሽ ውጪ ናቸው» አልኳቸው በአማርኛ።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ሊጠብቁዎት። ሱቁን ዘግተው ነው የመጡት። ምናቸው ነዎት ሲባሉ ቤተሰብ ነኝ ብለዋል። ጋሼ ደምሴን የጠበቁበት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።»

ዶክተር ይርጋ ጣሪያውን አዩ። እንባቸው በጎን በኩል ወደ ጆሯቸው ወረደ፤ እጃቸው ታስሯልና እኔ በጨርቅ ጠረግኩላቸው። ዴቪድ የምንለው አልገባውም። «ሰው አለ ወይስ የለም?» አለኝ።

መልሱን የሰጡት እሳቸው ናቸው።

«አለ» አሉ። «አሁን ጀምሩ።»